አቡጀዲ ላይ የተሰፋው መጽሐፍ

የሚያነብ መሣሪያ የዘመናችን ግኝት ነው የሚሉ ሁሉ ተሳስተዋል። የመጀመሪያውን ያየሁት ጎባ፣ በአባቴ የልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ነው፤ መሣሪያው አንድም ቀን አልሠራም፤ በዚህ ረገድ ከብዙዎቹ ዘመናዊ ዕቃዎች አያንስም።

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ጽሑፍ ሲያስነብበው፣ ድምፁም ሳይተነፍስ፣ ሳያስል፣ የሚያስቀውንም የሚያሳዝነውንም በአንድ ቃና ሲያወርደው፣ የስፌት መኪና ዘይትና የአዲስ አቡጀዲ ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣብኝ።

አባቴ ዓይኑ እየደከመ ከሄደ በኋላ በጣቱ እየዳሰሰ ይሰፋ ነበር፤ ንባቡ ግን የእኔ ሥራ ሆነ። ከትምህርት ቤት ስመለስ የጨርቅ ክምር ላይ ተቀምጬ፣ ከሳነቴ ተራራ በሚወርደው ብርድ አንዱን እጄን ብብቴ ውስጥ ወሽቄ በሌላው ገጽ እየገለጥኩ ጮክ ብዬ አነብለት ነበር። ጎረቤታችን ባለሱቁ ሐጂም ደንበኛ ትተው በሩ ላይ ቆመው ያዳምጣሉ።

ለመምህርነት ሥልጠና ሮቤ አዳሪ ሆኜ እንድገባ ስጠራ፣ "አልሄድም፤ ማን ያነብልሃል?" አልኩት። መልሱ ሳጥን ነበር። ጨርቅ ተጠቅልሎ የሚመጣባቸውን ሁለት ዘንጎች ሳጥን ውስጥ አጋደመ፣ የአሮጌ ስፌት መኪና እጀታ ገጠመላቸው፣ ከላይ አጉሊ መነጽር ቸነከረ። ከዚያ ገና ያላነበብነውን አዲስ ልቦለድ ገነጣጥሎ ቅጠሎቹን ረዥም አቡጀዲ ላይ አስከትሎ ሰፋቸው። እጀታው ሲዞር ገጹ ከመነጽሩ ሥር ያልፋል። "ወደፊት ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያነበው" አለ በኩራት። ዕድሜውን ሙሉ ጨርቅን ፊትና ጀርባ ብሎ የለየ ሰው፣ ወረቀት ሁለቱም ጎኑ ፊት መሆኑን ረስቶ ነበር።

"ኦቦ ታደሰ፣ የመጽሐፉን ግማሽ ገበር አደረግከው እኮ!" አሉ ሐጂ ሆዳቸውን ይዘው እየሳቁ።

"ገበር የሌለው ልብስ አይሞቅም፣ ሐጂ" አለና ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ ሂጂ። እኔ ራሴ አነባለሁ።"

ሄድኩ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ስመለስ የደረሰበትን ይተርክልኛል፤ ጀግናው ደሎ መና ወርዶ ማር ሲነግድ፣ ሪራ ጫካ ውስጥ መንገድ ሲጠፋው፣ እጮኛውን ጊኒር ገበያ ከሌላ ሰው ጋር ሲያያት። እኔ አዲስ የተማርኩ ጉረኛ ግን የራሴን ወሬ ለማውራት፣ ቶሎ በጨረሰ እያልኩ ሰዓት አይ ነበር።

አባቴን በቀበርነው በሳምንቱ ሳጥኑን ከመስኮቱ ሥር አነሳሁት። ከመነጽሩ ሥር ያለውን የመጀመሪያ ገጽ ፀሐይ በልታው ሻይ የፈሰሰበት መስሏል። እጀታውን ሳዞረው የቀሩት ገጾች ሁሉ ፀሐይ ሳይነካቸው ወረቀታቸው እንደ ወተት ነጭ ነው። አንድም ጊዜ አላዞረውም።

ሐጂን ጠየቅኳቸው።

"ሳጥኑን ሲሠራም ፊደል አይታየውም ነበር፣ ልጄ" አሉኝ። "አንቺ የምትመጪበት ቅዳሜ ሲደርስ ሱቄ መጥቶ፣ 'ሐጂ፣ ዛሬ ሰውዬውን የት እንስደደው?' ይለኛል። ደሎ መና የሰደድኩት እኔ ነኝ፤ አላህ ይማረኝ።"

ልቦለዱን ከዓመታት በኋላ ፈልጌ አነበብኩት። ጀግናው አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ሲተክዝ ያልቃል። የአባቴ ይሻል ነበር፤ ከእሱ የቀረኝ ግን እነዚያ ሦስት ቁራጮች ብቻ ናቸው፤ ሌላውን አላዳመጥኩማ።

ቤታችሁ ውስጥ "እኔ ራሴ አነባለሁ" የሚል ሰው ካለ አትመኑት። ስልክም አትስጡት። መጽሐፉን ከእጁ ቀሙና አንብቡለት።