ከስታዲየሙ ግንብ ውጪ

የጆሃንስበርግ ክረምት ዝናብ የለውም። አገር ቤት ክረምት ሲባል ጭቃና ጃንጥላ ነው የምናውቀው። እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል፣ ከንፈር ይሰነጥቃል። በወረርሽኙ ዘመን ያየሁት ክረምት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነበር። የአገራችን ሰው በሚነግድበት በጀፒ ጎዳና ላይ ብርድ ልብስና መጋረጃ እሸጣለሁ፤ በደህናው ጊዜ ክረምት ለእኔ ፋሲካ ነው። ያን ዓመት ግን ገበያው ሞቶ፣ ሰዉ ሞቶ፣ ለቅሶ መቀመጥ እንኳ ተከልክሎ፣ ጠዋት ከምኖርበት ከዮቪል ሰፈር በታክሲ መጥቼ ሱቄን እከፍታለሁ፣ ማታ እዘጋለሁ፣ በቃ። ጭምብሉ አፌን ስለሸፈነልኝ ግን ጎረቤቶቼ እግዜርን ሳያመሰግኑ አልቀሩም። ምላሴን ያውቁታል።

ከእኔ ሱቅ በአንድ ኮምፔንሳቶ ብቻ የሚለየው ጎረቤቴ ከሆሳዕና አካባቢ የመጣ ጫማ ነጋዴ ነበር። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ዝም ብሎ ጫማ ይደረድራል፣ ዝም ብሎ ይሸጣል። ስለ አንድ ነገር ብቻ ግን ካወራ አያቆምም፤ ስለ ልጁ። አገር ቤት ትቷት ሲወጣ የወተት ጥርሷ ገና አልተነቀለም ነበር። ከዚያ ወዲህ አላያትም። የጥገኝነት ወረቀቱ፣ እኛ ፔፐር የምንለው፣ ወጥቶ መመለስን አይፈቅድም፤ ከወጣ ወጣ ነው። እናቷ ለብቻዋ አሳደገቻት፣ እሱ ደግሞ በስልክ። ልጅቱ እግር ኳስ ተጫዋች ሆነች። ግብ ባገባች ቁጥር ከእኔ ሱቅ ድረስ መጥቶ ስልኩን አፍንጫዬ ስር ይደቅናል። እኔ ኳስ የሚባል ነገር አልወድም፤ «አሰልጣኙ መጡ» እያልኩ አሾፍበታለሁ እንጂ ሰባት ቁጥር የሚለውን ማሊያዋን በቃሌ ይዤው ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት ወደ እኔ መጣ። ልጁ ለአገራችን ወጣት ሴቶች ቡድን ተመርጣለች፤ ቡድኑ ደግሞ ለማጣሪያ ጨዋታ ወደዚህ ይመጣል። ወደ ጆበርግ። ይህን ሲነግረኝ ሮጦ መጥቶ ያለከልክ ስለነበር በበሽታው የተያዘ መስሎኝ ወደ ኋላ አልኩ። ከዚያ አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ያን ሰሞን የደስታ ወሬ መስማት ለቅሶ ለቅሶ ይለን ነበር።

የመጡ ዕለት ልጅቱ ከሆቴሉ ደወለችለት። ስልኩን ሁልጊዜ ድምፁን ከፍቶ ነው የሚያወራው፤ እጁ ጫማ ላይ ስለሆነ። ስለዚህ እኔም ሰማሁ። በሹክሹክታ ነበር የምትናገረው። «አባዬ፣ አትቸገር። ሆቴሉ ጋ እንዳትመጣ። እኔ መንገድ እፈልጋለሁ።» ሌላም ሴት ልጆች ሲያወሩ ከጀርባዋ ይሰማ ነበር። ቶሎ ዘጋችው።

እንግዲህ እኛ የምናውቀው አንድ ነገር አለ። የአገራችን እንግዳ «አትቸገሩ» ካለ መቸገር ግዴታ ነው። «በልቻለሁ» ካለ አልበላም። «አትምጡ» ያለ ሰው ቤት ያልሄደ ዘመድ ደግሞ እስከ ልጅ ልጁ ይወቀሳል። ስለዚህ የልጅቱን «አትምጣ» መንደሩ በሙሉ ቁጭ ብሎ ተረጎመው። ሜይፌር ሰፈር ያለው፣ ዕቃ የሚያከፋፍለን የጅምላ ነጋዴ «ይሉኝታ ይዟት ነው፣ ጨዋ ልጅ ናት» አለ። እኔም «እናቷን ይባርክ፣ አስተዳደግ ያስታውቃል» አልኩ። ቃሏን እንዳለ የወሰደ አንድም ሰው አልነበረም።

በማግስቱ እቃ በምንጭንባት ትንሽ ፒክአፕ፣ እዚህ ባኪ በሚሏት፣ ጎረቤቴና እኔ ወደ ሆቴሉ ሄድን። የሴት ልጆች ቡድን ስለሆነ ሴት ብትኖር ይሻላል ብሎ ነው እኔን የወሰደኝ። ቦርሳው ውስጥ ከሱቁ የመረጠው የኳስ ጫማ፣ ወፍራም የብርድ ጃኬትና ሲም ካርድ ነበር። ጀፒ ላይ ከአገር ቤት ለመጣ ሰው የመጀመሪያው ስጦታ ሲም ካርድ ነው፤ ውሃ ከማቅረብ በፊት ሲም እናቀርባለን። የአየር ሰዓትም ሞልቶበታል።

በሩ ላይ ዘበኛውን በዙሉ «ሳውቦና ባባ» ብሎ ሰላም አለው። ሰውየው ደግ ነበር፤ መግባት ግን ፈጽሞ እንደማይቻል፣ ቡድኑ ከማንም ጋር እንዳይነካካ ተዘግቶበት እንደሚኖር ነገረን። ሰው ይጠራልን ስንለው የቡድን መሪዋን ጠራልን። በእኔ ዕድሜ የምትሆን፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ራቅ ብላ ቆማ በትህትና ማንን እንደፈለግን ጠየቀች። ጎረቤቴ የልጁን ስም ነገራት።

«እርስዎን ማን ልበል?» አለችው።

«አባቷ ነኝ።»

ሴትየዋ ቃሉን መልሳ ጠየቀችው። «አባቷ?»

«አዎ፣ ወላጅ አባቷ» አለና እንድታምነው ጭምብሉን ወደ አገጩ ዝቅ አደረገው። ልጅቱን ፎቶ ላይ ላየ ሰው ጥያቄ የለውም፤ ያው ግንባር፣ ያው ፍንጭት ጥርስ። ሴትየዋ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች። እኔ በሽታውን ፈርታ ነው ብዬ «ጭምብልህን መልስ፣ ሰው አታስደንግጥ» ብዬ ተቆጣሁት። ከዚያ ሴትየዋ የሰጣትን ቦርሳ ከፈተች፣ ጃኬቱን አውጥታ በእጇ መዘነችው፣ ሲም ካርዱንም አየች። ለጥቂት ቀን ጨዋታ ይህ ሁሉ ለምን እንዳስፈለገ ጠየቀች። እሱ ብርዱን አስረዳት፤ ሲሙ ደግሞ እንደልባችን እንድንገናኝበት ነው አላት። እሺ ይደርሳታል ብላ ይዛው ገባች። ሰላምታ እንኳ አልጨመረችም።

መንገዱን ሁሉ እየሳቀ ነዳ። እኔ ግን የሴትየዋ ፊት አልጣመኝም። ኩራተኛ ናት ብዬ አማኋትና ተውኩት። ከዚያ በኋላ የልጅቱ ስልክ ጥሪ አልቀበል አለ።

ጨዋታው ያለ ተመልካች ነበር። ስታዲየም አይገባም፤ ሆኖም እሱ አይቀርም፣ እሱ ካልቀረ እኔም አልቀርም። ከስታዲየሙ ግንብ ውጪ፣ የደረቀ ሣር ላይ ባኪዋን አቁመን ወረድን። ባዶ ስታዲየም እንዴት ድምፅ እንደሚያወጣ ያን ቀን አወቅሁ። ኳሱ ሲመታ ይሰማል፣ ፊሽካው ይሰማል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የልጆቹ አማርኛ ይሰማል። «ልቀቂ!» «ከኋላሽ!» «ግራ፣ ግራውን!» በዚያ ብርድ፣ በዚያ የሰው አገር ግንብ ላይ የገዛ ቋንቋችን ተንጠላጥሎ ይወጣል።

ጎረቤቴ ግንቡን ተጠግቶ ጆሮውን አቀና። ቀጠን ያለች፣ የምታዝ ድምፅ ነበረች፤ ደጋግማ ትጮሃለች። ጣቱን ወደ ላይ አነሳ።

«ይቺ ናት። ስሚያት፣ ይቺ ናት።»

እኔ በስልኬ በቀጥታ የሚተላለፈውን ከፍቼ ነበር። ምስሉ ከድምፁ ወደ ኋላ ስለሚቀር እሱ ተናዶ «አጥፊው፣ ያሳስተኛል» አለኝ። አላጠፋሁትም፤ ዞር ብዬ አየሁ። ሰባት ቁጥር ሜዳው ላይ የለችም። ያቺን ድምፅ ስከታተል የወጣችው ከአንዲት ተከላካይ አፍ ነው፤ ሌላ ልጅ፣ ሌላ ፊት። ካሜራው ተቀያሪዎቹ ወንበር ላይ ሲያልፍ ቆጥሬ አየኋቸው። እዚያም የለችም።

እኔ ያየሁትን ካልተናገርኩ ሆዴን የሚያመኝ ሴት ነኝ። ያን ጊዜ ግን ምን ብዬ ልንገረው? ግንቡ ላይ መዳፉን ለጥፎ ያቺ ልጅ ስትጮህ ፈገግ ይላል፣ ስትዘገይ ይጨነቃል። «ደከማት» ይለኛል። «ከልጅነቷ ጀምሮ እልኸኛ ናት» ይለኛል፣ ልጅነቷን በስልክ ብቻ ያየው ሰው። ስልኬን ደረቴ ውስጥ ከተትኩትና ኔትዎርኩ ሄደ አልኩት። እስከ መጨረሻው ፊሽካ የሌላ ሰው ልጅ ድምፅ ሲሰማ ቆየ። ተሸነፍን። ሽንፈቱ ግድ አልሰጠውም። አውቶቡሱ ሲወጣ እጁን አውለበለበ፤ መስታወቱ ጥቁር ነበር፣ ማን ውስጥ እንዳለ አይታይም።

ቡድኑ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ደወለች። ገበያ ስላልነበረ እኔም እሱ ሱቅ ተቀምጬ ነበር። እንደ ልማዱ ድምፁን ከፍቶ ስልኩን ካርቶን ላይ አስቀመጠው።

«አባዬ፣ አትምጣ ብዬህ ነበር እኮ።»

«ይሉኝታ መስሎኝ» አላት።

ነገሩን እያቆራረጠች ነገረችው። ደቡብ አፍሪካ ቤተሰብ ያላት ልጅ እዚያው ትጠፋለች ተብሎ ስለሚፈራ ከጉዞው እንደምትቀር ወሬ ተሰምቶ ነበር። ተጫዋቾቹን አንድ በአንድ ስለ ቤተሰባቸው ሲጠይቁ ተራዋ ደርሶ አባትሽ የት ነው ሲሏት ሞቷል አለች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። በዚያ ዘመን አባቴ ሞተ ላለ ሰው በምን ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። የቡድን መሪዋ እንዲያውም አቅፋ አጽናንታታለች። እንግዲህ ያቺው ሴት ናት የሆቴሉ በር ላይ ሟቹን ያገኘችው፤ ጭምብሉን ዝቅ አድርጎ የልጅቱን ፊት ያሳያት፣ ወፍራም ጃኬትና የዚህ አገር ሲም ካርድ ያስረከባት። እኛ ስጦታ ያልነው ለእሷ የመጥፋት ዝግጅት ነው። እኔ ብሆንም እንደዚያው ነበር የማስበው። የልጅቱን ስልክ ወሰዱ። ጨዋታው ሲካሄድ እሷ ሆቴል ክፍሏ ውስጥ በር ላይ ሰው ቆሞባት ተቀምጣለች። አሁን ደግሞ ከቡድኑ አስወጥተዋታል።

እኔ ያቺ የምታዝ ድምፅ ትዝ አለችኝና ቀና ብዬ ላየው አልደፈርኩም። እሱ አንድ እግር ጫማ ይዞ ጥንዱን በዓይኑ ይፈልጋል፤ ጥንዱ እግሩ ስር ነበር።

በእኛ ዘንድ በሕይወት ያለን ወላጅ ሞቷል ማለት ቀልድ አይደለም። ሟርት ነው፣ የሚረገሙበት ነው። ልጅቱም ይህን አሳምራ ታውቃለች።

«አንተን የማይበት ሌላ መንገድ አጣሁ» አለች። «ተቀይመኸኛል?»

ጫማውን አስቀመጠ። ሊስቅ ሞከረ፣ ሳቁ ግን ጭምብሉ ውስጥ ቀረ።

«የሞተ ሰው ይቀየማል እንዴ፣ ልጄ?»

ከወዲያ በኩል ማልቀስ ጀመረች። እሱ ስልኩን አንስቶ ድምፁን ዘጋና ጆሮው ላይ አደረገው፤ እኔም ተነስቼ ወደ ሱቄ ሄድኩ።