የግንቦት ልደታ ቴርሞስታት

አባቴ መኪናዋ እንድትሸጥ የወሰነው ከዓይን ሐኪም በተመለስን ማግስት ነው። ሐኪሙ የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ፣ የቀረውን ለማቆየት ግን ጠብታውን ማቋረጥ እንደሌለበት ነግሮት ነበር። የቀረውም ብዙ አይደለም፤ ጥላና ቀለም ይለያል እንጂ ፊት አይለይም። እየነዳሁ የማጽናኛ ቃል ስፈልግ፣ ወደ ልደታ ልንታጠፍ ስንል የሙቀቱ ጌጅ ቀዩን ነካ፤ ከኮፈኑ ሥርም እንፋሎት ወጣ። ዳር ይዤ ቆምኩ። አባቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ አሸተተና «አፈላች» አለ። ሞተሩ ሲበርድ ቀስ ብዬ ነድቼ ቤት ገባን።

በማግስቱ ያመጣሁት መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ፣ አንድም ነገር ሳይነካ፣ የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው ተበልቷል፣ ሞተሩ መውረድ አለበት አለኝ። እኔ ከመኪናዋ ቀድሜ የማፈላ ሰው ነኝ። ሳትነካው እንዴት አወቅህ ብዬ እዚያው ግቢው ውስጥ ተጣላሁት፤ ሰውዬው እጁን እየጠረገ ሄደ። አባቴ ከፎቅ ሆኖ ሁሉንም ሰምቶ ኖሮ ስገባ ስልክ ላይ አገኘሁት። የሚያውቀውን ደላላ እሑድ ጠዋት ገዢ ይዞ እንዲመጣ እየነገረው ነበር።

ዕድሜውን ሙሉ ሾፌር ነበር። መሪ መያዝ ካቆመ በኋላ እንኳ ጠዋት ጠዋት የደረጃውን ብረት ይዞ ከአራተኛ ፎቅ ይወርድና የመኪናዋን መስታወት ይወለውላል፤ ከዚያ ገቢና ተቀምጦ ሬዲዮ ይሰማል። የኮንዶሚኒየሙ ሰው ሲወጣ ሲገባ በመስኮቱ ሰላም ይለዋል፤ እሱም በድምፃቸው እየለየ ይመልሳል። ካፈላች ወዲህ ግን አንድ ቀን እንኳ አልወረደም። ሬዲዮውን አጥፍቶ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። መኪናዋ ከተሸጠች ያንን ደረጃ ዳግመኛ የሚወርድበት ምክንያት እንደማይኖረው ገባኝ፤ በጣም ፈራሁ።

ቅዳሜ የግንቦት ልደታ ዕለት ነበር። አሮጌ ጂንሴን ለብሼ ወረድኩ፣ ራዲያተሩን ውኃ ሞላሁና ሞተሩን አስነሣሁ። ስለ ሞተር የማውቀው ስልኬ ላይ ካየሁት ቪዲዮ አያልፍም። ጌጁ መውጣት ሲጀምር ጨነቀኝና ፎቅ ላለው አባቴ ደወልኩለት። እንዳይመልስልኝ ሰግቼ ነበር፤ እሱ ግን የሞተሩን ድምፅ በስልኩ ውስጥ ሲሰማ አላስቻለውም። ከራዲያተሩ ላይና ታች ያሉትን ወፍራም ቱቦዎች በጨርቅ ይዤ እንድነካ አዘዘኝ። የላይኛው ያቃጥላል፤ የታችኛው ገና ከቧንቧ የወጣ ውኃ ይመስል ቀዝቃዛ ነው።

«አጥፊያት» አለኝ። «ቴስታታ አይደለም። ቴርሞስታቱ ነው፤ አልከፍት ብሎ ነው።»

ቴርሞስታት ማለት በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል ባለው የውኃ መንገድ ላይ የተቀመጠች ትንሽ የብረት በር ናት። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ትዘጋለች፣ ሲሞቅ ትከፈታለች። የእኛዋ ተዘግታ ቀርታለች። በእኛ ሀገር ሾፌርና መካኒክ ዘንድ ደግሞ የእንዲህ ዓይነቷ በር ፍርድ የታወቀ ነው፤ አውጥቶ መጣል። አባቴም ያንኑ ፈረደ። ያለሷ ሞተሩ እንደሚገባው አይሞቅም፣ ቤንዚንም ይበላል፣ አዲስ እንገዛለን አልኩት። በነዳኋቸው መኪኖች ሁሉ አውጥቼ ጥያለሁ፣ አንዷም ፍርድ ቤት አላቆመችኝም አለኝ። የልደታ ፍርድ ቤት ጎረቤታችን ስለሆነ ቀልዱም ከዚያው ነው። እኔም አሁን የምነዳት እኔ ነኝ ብዬ ድርቅ አልኩ።

ይህን እንዳልኩ ተሳስቼ የማይነካውን የነካሁ መሰለኝ። እሱ ግን የሚገዛውንም ቢሆን ፈላ ውኃ ውስጥ ሲከፈት ሳላይ እንዳልገጥመው አስጠነቀቀኝ፤ ስንቱ ዕቃ ነው ከነካርቶኑ ሞቶ የሚሸጠው አለኝ። እንግዲያው ና ውረድና አብረን እንቀቅለው አልኩት። «እኔ ምኑን አየዋለሁ?» አለና ስልኩን ዘጋው።

ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ ውኃውን አፈሰስኩ፤ አሮጌዋን ቴርሞስታት ፈትቼ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ወዳለች ትንሽ የመለዋወጫ ሱቅ ወሰድኳት። መሳይዋን ውኃ እንዳያሾልክ ከሚደረግላት ጓርኒሲዮን ጋር፣ በውኃ ፋንታ የሚሞላ ኩላንትም ጨምሬ ገዝቼ ስመለስ መብራት ጠፍቷል። የእኛ ምድጃ የኤሌክትሪክ ነው። በዚያ ሰዓት በብሎካችን እሳት ያለው ግቢው ውስጥ ብቻ ነበር፤ ጎረቤቶች የግንቦት ልደታን ንፍሮ ጥደዋል። በዚያ ቀን ንፍሮው ደጅ ይቀቀላል፣ ደጅ ይበላል፤ ቤቱ ቀርቶ የሚበላ የለም። ያን ዓመት ግን አባቴ ንፍሮዬን ወደ ላይ አምጡልኝ ብሎ ልኳል።

በየዓመቱ ንፍሮውን የሚመሩት ምድር ቤት ያሉት እናት፣ አንዲት አዛውንት ጎረቤታችን ናቸው። እሳት እንዲሰጡኝ ስለምናቸው መዳፌ ላይ ያለችውን ብረት አገላብጠው አዩና፣ ለማርያም ባቄላና ስንዴ እንጂ ብረት የቀቀለ አላየሁም አሉ። ሴቶቹ ሳቁብኝ። ቢሆንም ከትልቁ ድስት አጠገብ የከሰል ምድጃ አቀጣጥለው አንድ አሮጌ ጣሳ ሰጡኝ። ውኃውን ጣድኩና ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ።

አባቴ እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ ነው። አጠገቡ ተቀምጬ፣ ከቪዲዮው ያየሁትን ነገር ለእሱ በሚሆን መንገድ ነገርኩት። የተዘጋችው በር በጠርዟ ክር እንድትነክስ ይደረጋል፤ ቴርሞስታቷ በክሩ ተንጠልጥላ ፈላ ውኃ ውስጥ ትገባለች፤ ስትከፈት ክሩን ትለቃለች።

«ዓይን አያስፈልገውም» አልኩት። «ክሩን የሚይዝ እጅ ነው የምፈልገው። የእኔ እጅ ደግሞ ትዕግሥት እንደሌለው ታውቃለህ።»

እግሩን ወለሉ ላይ እየዳሰሰ ጫማውን ጠየቀኝ።

ትከሻዬን ይዞ ሲወርድ ግቢው ውስጥ የነበሩት ሁሉ ተነሡለት። ጋሼ፣ ጠፍተው ጠፍተው እያሉ ምድጃው አጠገብ በርጩማ አመጡለት። በመጀመሪያ አሮጌዋን ሰቀልንለት። ውኃው ተንተከተከ፣ ክሩ ግን በጣቶቹ መካከል እንደተወጠረ ቀረ። «ይቺ አትለቅም፤ ነክሳ ሞታለች» ብሎ ወደ ጎን አስቀመጣት። ከዚያ ውኃውን ቀይረን አዲሷን ሰቀልን። እንደገና እስኪሞቅ ድረስ እኔ መቀመጥ አቃተኝ፤ ጣሳውን ዞርኩት፣ ከሰሉን አራገብኩ፣ አርፈሽ ተቀመጪ ተባልኩ። አባቴ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ክሩን ብቻ ያዳምጣል። ሴቶቹም ወሬያቸውን አቆሙ፤ ስለ መኪና ግድ የሌላቸው ሰዎች ለምን ትንፋሻቸውን እንደያዙ አላውቅም።

ጣሳው ውስጥ ቀጭ የሚል ነገር ተሰማ።

«ለቀቀችኝ» አለ አባቴ። ባዶውን ክር ከፍ አድርጎ አሳየን፤ ሳቀም። ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ። ምድር ቤት ያሉት እናት መዳፉን ዘርግተው ትኩስ ንፍሮ ሞሉለት፤ እሱም እያራገበ በላ። እኔ የከሰሉ ጭስ ዓይኔን እንደነካኝ ሰው ፊቴን አዞርኩ።

የቀረውን ሥራ እሱ ነጠቀኝ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ኮፈኑ ሥር ገብቶ አሮጌውን ጓርኒሲዮን በጥፍሩ እየዳሰሰ አስፋቀኝ። ቴርሞስታቷን ዙሪያዋን በጣቱ ዳሰሰና ሞላዋ፣ ማለትም ጥቅል ሽቦዋ፣ ወደ ሞተሩ፣ አየር ማስወጫዋ ትንሽ ቀዳዳ ደግሞ ወደ ላይ መሆን አለበት ብሎ ራሱ አስቀመጣት። ቡሎኖቹን በኪያቤ መፍቻ ሳጠብቅ አንዱን ብቻ አትጨርሺ፣ እያፈራረቅሽ ነው አለኝ። ኩላንቱን ሞልተን፣ ክዳኑን ከፍተን ሞተሩን አስነሣን፤ አየሩ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወጣ። አባቴ የታችኛውን ቱቦ በጨርቅ ይዞ ጠበቀ። ጌጁ መሐል ደርሶ ቆመ። «መጣ» አለ፤ ሙቀቱ እጁ ሥር መድረሱ ነበር።

ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ፣ እንግዲህ አትሸጥም አይደል አልኩት። እጁን ጠረገና «አሁንማ ጥሩ ዋጋ ታወጣለች» አለኝ። በድንገት ቀዝቃዛ ውኃ የተደፋብኝ መሰለኝ። የለፋሁት ለገዢ መሆኑ ነው ብዬ፣ እራቴንም ሳልበላ አኩርፌ ተኛሁ።

እሑድ ስነሣ የአባቴ አልጋ ባዶ ነበር። መታጠቢያ ቤቱን አየሁ፣ የለም። ያንን ደረጃ ብቻውን ወርዶ ይሆን ብዬ በረንዳ ላይ ወጣሁ። ታች መኪናዋ አጠገብ ቆሟል፤ መወልወያ ጨርቁ ትከሻው ላይ ነው። ፊት ለፊቱ ደላላውና አንድ የማላውቀው ሰው አሉ። ሰውየው ኮፈኑ ይከፈትልኝ ይላል። አባቴ መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳርፏል።

«ይቅርታ፣ በከንቱ አደከምኳችሁ» ሲላቸው ሰማሁ። «አትሸጥም። ልጄ ትነዳታለች፣ እኔ አዳምጣታለሁ።»

ደላላው እያጉረመረመ ገዢውን ይዞ ወጣ። አባቴ ፊቱን ወደ በረንዳው ቀና አደረገ። እንደማያየኝ አውቃለሁ፤ እዚያ መቆሜን ግን አውቋል።

«ቁልፉን ይዘሽ ውረጂ» አለኝ።