ሁለት ዙር የቀረው ዳዶ

የሰፈራችን መካኒክ «ሁለት ዙር» ይባላል። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ አልጸጸትም። ምንም ነገር ሲፈታ ብሎን ላይ የሚጠብቀውን ዳዶ ጨርሶ አያወጣም፣ ሁለት ዙር ያህል ያስቀርለታል። «ጨርሰህ ካወጣኸው ዕቃው ዘሎ ፊትህ ላይ ነው» ይላል። ለመኪና ደግ ነገር ነው። እሱ ግን የዱቄት ቆርቆሮ ክዳን እንኳ ጨርሶ አይከፍትም። ከጎረቤት ሲጣላ ጨርሶ አይጣላም፤ ሲታረቅም እንደዚያው። እህቴን ባጨበት ዓመት የተወለዱ ሕፃናት ዛሬ ፊደል ቆጥረዋል።

የሠርጉን ነገር ባነሳሁበት ቁጥር «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይለኛል። 

እህቴ ከጋራዡ አጠገብ የመኪና ወንበር ልባስ ትሰፋለች። ከአባታችን የወረሰችው አሮጌ መኪና ጡሩምባው እምቢ አለ፤ ሽቦው የተበጠሰው ከመሪው ሥር ስለሆነ መሪው መውጣት ነበረበት። ተነቅሎ የማያውቅ መሪ ነው። የአባታችን አውራ ጣት ያረፈበት ቦታ ተፍቆ ጎድጉዷል። በትልቅ መዶሻ ልምታው ያለ ሌላ መካኒክ እህቴ በመቀስ አባርራዋለች።

ሁለት ዙር መኪናዋን ጋራዡ በር ላይ አቁሞ ሥራ ሲጀምር፣ እህቴ የእጮኝነት ቀለበቷን አውልቃ ከፊት መስታወቱ ሥር አስቀመጠች።

«መሪው ላይ ጭረት ካየሁ ይቺን ይዘህ ትሄዳለህ» አለችው።

ላብ አጠመቀው። የመሪውን አቀማመጥ በጠመኔ ምልክት አደረገ፤ ዘይት አንጠባጥቦ አሳደረው። በማግስቱ መሪውን ከዘንጉ ጋር የያዘውን ዳዶ ፈታና፣ መቼም አመል ነው፣ ሁለት ዙር ሲቀረው ተወው። አሁን አንድ ሰው መሪውን ወደ ራሱ ይስባል፤ ሌላው የነሐስ ቁራጭ አስደግፎ የዘንጉን ጫፍ ይመታል። እኔ ልስብ ብዬ ብገባ እህቴ «የአባቴን መሪ አትነካውም» ብላ አስወጣችኝ። የእሷ አባት ብቻ ይመስል!

ሳበች፤ መታ። ንቅንቅ የለም።

«ዳዶውን አውጣው እንጂ! እሱ እኮ ነው የያዘው!»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አላት።

«ያንተ እንቁላልማ እግር ሳያወጣ ገማ!»

የዓመታት ንዴቷን አጠራቅማ ሳበች፤ እሱም በዚያው ቅጽበት መታ። ጓ! መሪው ወደ አፍንጫዋ ዘለለና ዳዶው ላይ ተይዞ ቀረ።  ዳዶው ባይኖር የእህቴ ጥርሶች ይረግፉ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ያን ጊዜ ሰውየውን ወደድኩት።

እህቴ መሪውን ዙሪያውን ዳበሰችው። ጭረት የለም። የአባታችን አውራ ጣት ቦታ ስትደርስ እንባዋ መጣ፤ የእኔም።

ከዚያ ዳዶውን ራሷ ፈታችና ኪሷ ከተተችው። «የሠርጉን ቀን ስትቆርጥ ትወስደዋለህ።»

ሁለት ዙር የጋራዡን በር ዘግታ የቆመችውን መኪና አየ። ያለ ዳዶው መሪው አይታሰርም፤ ያለ መሪ ወዴት ትሄዳለች? ውጭ ሁለት ደንበኞች ለመግባት ይጮሃሉ።

«ክረምቱ ይለፍና...»

«ስንቱ ክረምት?»

«እሺ። የፊታችን እሑድ።»

እጁን በጨርቅ ጠርጎ ቀለበቱን አነሳና ጣቷ ላይ አስገባላት። አንጓዋ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ግፋው!» አለችው።

ገፋው።