ዋግ ያልነካው ገብስ

ተማሪዎቼ ከቅጠል ላይ አረንጓዴውን ቀለም ለማውጣት የአሴቶን ጠርሙስ ሲከፍቱ፣ እኔ ምክንያት ፈልጌ ወደ ኮሪደሩ እወጣለሁ። እንደ ሰነበተ ፍራፍሬ የሚጣፍጥ ሽታ አለው። እነሱ ራሴን የሚያመኝ ይመስላቸዋል። እኔ ግን የማስታውሰው የመምህሬን ትንፋሽ ነው።

ያኔ እዚሁ መቀሌ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማር ነበር። አባቴ ከወሎ የመጣ ነጋዴ ስለሆነ መምህሬ ሲያናግሩኝ በአማርኛ ይጀምሩና በትግርኛ ይጨርሳሉ። "ጓለይ" ይሉኝ ነበር፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድ ጥያቄ ይዘው የኖሩ ሰው ነበሩ፦ በአንድ ጣራ ሥር ከሚያድሩ ሰዎች ወባ አንዱን ሲጥል ሌላውን የሚምረው ለምንድን ነው? ለዚሁ ብለው ከቆላ ሰዎች የቀዱትን ደም ለዓመታት በላቦራቶሪያችን ፍሪዘር አከማችተው ነበር።

ጦርነቱ መጣ፣ መብራት ጠፋ። የጄኔሬተሩ ነዳጅ ሲያልቅ ፍሪዘሩ ዝም አለ፤ ከዚያ ማንጠባጠብ ጀመረ። ሽታው ደረጃው ድረስ ሲወጣ መምህሬ አካፋ ይዘው መጡ። አጥሩ ሥር ጉድጓድ ቆፍረን፣ በረኪና አፍስሰን፣ ደሙን ቀበርነው።

"እጃቸውን ዘርግተው የሰጡኝ ሰዎች ደም ነው" አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። "ከቆሻሻ ጋር አይጣልም።"

ከዚያ በኋላ ሰውን ትተው ወደ ገብስ ዞሩ። ተክል መብራት አይጠይቅም አሉኝ። ጥያቄው ያው ነበር፤ በአንድ ማሳ ላይ ዋግ አንዱን ገብስ አቃጥሎ ሌላውን ለምን ይተወዋል? ዓይናለም ሰፈር ባለው ግቢያቸው አበባውን ነቅለው፣ ከየወረዳው የሰበሰቡትን ዘር በመስመር በመስመር ዘሩ። ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ ቅጠሉን ሳገላብጥ ዋጉ እንደ በርበሬ ብናኝ ጣቴ ላይ ይቀር ነበር። የአጥሩ ጥግ ላይ ያለው መስመር ብቻ አረንጓዴ እንደሆነ ቆየ። መምህሬ አጠገቡ ተንበርክከው እንደ ልጅ ሳቁ።

"ርኢኺ ጓለይ! አየሽ? ጠላቱን ያውቀዋል!"

ይህን ሲሉኝ ነው ያ ሽታ ከአፋቸው የመጣው። መምህሬ ከልጅነታቸው ጀምሮ ስኳር ነበረባቸው፤ ያለ ኢንሱሊን መኖር አይችሉም። ፋርማሲዎቹ ባዶ ከሆኑ ሰንብተዋል። ባለቤታቸው የተረፈችውን ብልቃጥ እርጥብ አሸዋ በሞላበት ማሰሮ ውስጥ ይጠብቋት ነበር። ኢንሱሊን ሲያንስ ትንፋሽ እንዲያ እንደሚሸት ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው።

"መምህር፣ እየቀነሱ ነው እንዴ የሚወጉት?"

"ገብሱ እስኪያሸት እንዲያደርሰኝ ነው።"

"ሆስፒታል እንሂድ።"

"ሐኪሙ ተማሪዬ ነበር። ትናንት እዚህ መጥቶ አለቀሰ። ምን ልጨምርበት?"

ዛላው ወደ ቢጫ ሲያደላ አረፉ። ግቢው ውስጥ ድንኳን እንኳ አልተተከለም። የመጣው ሰው ሁሉ ገርጥቶ፣ ከስቶ፣ ግድግዳ ተደግፎ ነበር የሚያለቅሰው።

ሐዘንተኛው ሲበተን ከዚያ ከጥጉ መስመር ለዘር ልቆርጥ መቀስ ይዤ ሄድኩ። ባለቤታቸው ቀድመውኝ ማጭድ ይዘዋል። ሌላውን ሁሉ አጭደው ጥጉ ላይ ደርሰዋል። ሁለቱ ልጆቻቸው ነዶው አጠገብ ተቀምጠዋል።

"አደይ፣ እናቴ፣ ይቺ መስመር እንኳ ለዘር ብትቀር..."

ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም።

"ዋግ ያቃጠለውማ ፍሬ የለውም፤ ገለባ ነው። እህል ያለው እዚህ ብቻ ነው። ልጆቹ ከትናንት ጀምሮ አልበሉም።"

አንድ እፍኝ ልለምናቸው አፌን ከፈትኩ። ትንሿ ልጅ እጄን እጄን ታያለች። መቀሱን ኪሴ ከተትኩና ነዶውን አቀፍኩላቸው።

ያን ዘር ከዚያ ወዲህ በየገበያው፣ በየገበሬው ጎተራ ፈልጌዋለሁ። እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

ያን ዕለት ገብሱን ቆልተን ፈጨነው፤ በውሃና በጨው በሶ ጨበጥን። እናትየው ለእኔም ቆንጥረው አጎረሱኝ። ጣፋጭ ነበር። ትንሿ ዱቄቱ ከንፈሯ ላይ እንዳለ እናቷ ጭን ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። እናቷ በነጠላቸው ጫፍ ሊጠርጉላት እጃቸውን አነሱና እንዳትነቃባቸው ተዉት።