አባቴ የሚያፈሰው ሰማያዊ ውሃ

ከስድስተኛ ክፍል ካቋረጥኩ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት ለደመወዝ ስፈርም ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም፤ ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። አንድ ጊዜ ብቻ ሳልጠየቅ ተናገርኩ፤ እሱም እንቅልፍ ነሳኝ።

ልደታ አካባቢ በአንድ ቤተ ሙከራ ጠርሙስ አጣቢ ነኝ። እዚያ አንድ ዶክተር አረንጓዴ ውሃ ያሳድጋሉ። ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርጉት በዓይን የማይታዩ የኩሬ ተክሎች ናቸው፤ እሳቸው አልጌ ይሏቸዋል። ካልተነቀነቁ ታች ስለሚተኙ ጠዋት ጠዋት ጠርሙሶቹን እያነሳሁ በቀስታ እነቀንቃለሁ። የበሩ ዘበኛ ባየኝ ቁጥር፣ «የኩሬዋ ሞግዚት! ልጆችሽ እንዴት አደሩ?» ይለኛል። አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። በልቤ ግን «ደኅና አደሩ» እላለሁ። ማታ ለአባቴ ሳወራለት ይስቅ ነበር።

ዶክተሩ በአንዳንዶቹ ላይ የመዳብ ውሃ ጠብ አድርገው የሚሆኑትን ያያሉ። አንድ ቀን በማይክሮስኮፕ አሳዩኝ። ጤነኞቹ ትንንሽ ናቸው፤ ለሁለት እየተከፈሉ ይባዛሉ። መዳብ የበዛባቸው ግን አብጠው፣ ገርጥተው፣ እርስ በርስ ተጣብቀው ነበር።

«መዳብ ጥቂቱ ይጠቅማቸዋል» አሉኝ። «ሲበዛ ግን አረንጓዴያቸውን ይነጥቃቸዋል። በብርሃን ምግባቸውን መሥራት ያቅታቸዋል፤ መከፈልም ያቆማሉ። ምን ዋጋ አለው፣ ይኼ እኔ የበጠበጥኩት ነው። ከከተማው የሚወጣ ውሃ ባገኝ ነበር ጥሩ።»

አፌ ቀደመኝ። «እኛ ሰፈር አለ» አልኩ።

አባቴ ጌጃ ሰፈር ከቤታችን ጋር በተያያዘች ጠባብ ክፍል የዛገ ማንኪያና የመኪና መከላከያ በመዳብና በኒኬል ይለብጣል። ቤታችን የሚተዳደረው በዚያች ክፍል ነው። ዕቃው የታጠበበት ሰማያዊ ውሃ በቦይ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ልጅ ሆኜ ቀለሙ ደስ ስለሚለኝ ቅጠል አንሳፍፍበት ነበር። ከዚያ ቦይ ቀድቼ ወሰድኩላቸው። አባቴን አልጠየቅሁትም። የቦይ ውሃ ማን ያስፈቅዳል?

ዶክተሩ ጥቂቱን በአንዱ ጠርሙስ ጨመሩ። እንደ ገብስ ቡቃያ አረንጓዴ የነበረው ሳምንት ሳይሞላው ገለባ መሰለ። ብነቀንቀው ከታች የሚነሳው ነጣ ያለ አተላ ነው። ዶክተሩ ግን ደስ ብሏቸው «ጎበዝ!» አሉኝ። ከየት እንዳመጣሁት ሲጠይቁኝ፣ ጎበዝ መባሉ ጣፍጦኝ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ክፉ ሰው አይደሉም። አባቴን ለመምከር ብለው ከቀበሌው ሊቀመንበር ጋር መጡ። «ልጅዎ ሊኮሩባት የሚገባ ናት» አሉት። «ውሃውን ያመጣችልን እሷ ናት።» አባቴ እጁን በሽርጡ ጠርጎ ጨበጣቸው። እኔን አላየኝም። ካኪ የለበሰው ሊቀመንበር፣ «ጓድ፣ ከዚህ ወዲያ የሚገድል ውሃ ወደ ወንዙ ቢወርድ ክፍሏ ትታሸጋለች» ብሎ ሄደ።

አባቴ ሥራውን አቁሞ ጓሮ ጉድጓድ ቆፈረ፤ በሲሚንቶም ለሰነው። ሥራ ሲጀምር እዚያ በተጠራቀመው ውሃ ላይ ኖራ ጨመረ፤ መዳቡን ይዞት ይዘቅጣል ብለው የመከሩት ዶክተሩ ናቸው። እኔ አቀብለዋለሁ።

«አባባ፣ እኔ እኮ...» ስል፣

«ባልዲውን» ይላል።

ማዕድ ስንቀርብ የመጀመሪያዋ ጉርሻ ከልጅነቴ ጀምሮ የእኔ ነበረች። ከዚያ ቀን ወዲህ አላጎረሰኝም። ውሃው ክፉ መሆኑን ዓይኔ አይቷል፤ ወንዙ ዳር ጎመን የሚያጠጡ ሰዎች አሉ። ይህን እያሰብኩ ራሴን ላጽናና እሞክራለሁ፤ እሱ እጁን ታጥቦ ለራሱ ብቻ ሲጎርስ ሳይ ግን ሁሉም ይጠፋኛል።

ትናንት ወደ ሥራ ስወጣ በር ላይ ጠበቀኝ። ከጉድጓዱ የቀዳው ውሃ በጠርሙስ በእጁ ነበር፤ ጥርት ያለ፣ የቧንቧ የሚመስል። አሁን ከአልጌው ጋር ተደባልቆ መብራቱ ሥር ተቀምጧል። ዛሬ ጠዋት ነቀነቅሁት። አረንጓዴ ነው፤ ግን ያኛውም መጀመሪያ እንዲሁ ነበር።

አባቴ ጠርሙሱን ሲሰጠኝ ክዳኑን አጥብቆ ከፈተሸ በኋላ፣ «ለልጆችሽ ስጫቸው» አለኝ። «ከሞቱ ግን፣ ልጄ፣ መጀመሪያ ለእኔ ንገሪኝ።»