ዓይኑን የሚጨፍነው ሣጥን ሠሪ

በእኛ ሰፈር ታሞ የተኛ ሰው ሁለት ነገር ይፈራል፦ በሽታውንና ጋሽ ሜትርን። ለበሽታውስ መድኃኒት አይጠፋም። ጋሽ ሜትር በሩ ላይ ቆሞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «እንዴት አደርክ ወንድሜ?» ሲል ግን የሰው ደም ውኃ ይሆናል። ሰውዬው የሬሳ ሣጥን ሠሪ ነዋ!

ጋሽ ሜትር ቅጽል ስሙ ነው። የወጣለት ሜትር ስለሚይዝ እንዳይመስላችሁ፤ ስለማያስፈልገው ነው። አንዴ ገርመም ካደረገህ ቁመትህን፣ የትከሻህን ስፋት፣ ጫማህ ተረከዙ ምን ያህል እንደሚያታልል ሁሉ ያውቀዋል። ሥራ ቤቱ ከሻይ ቤታችን ፊት ለፊት ስለሆነ በዚያ በኩል የሚያልፈው ሰው ሁሉ ጎንበስ ሲል እናያለን፤ ለሰላምታ ሳይሆን ለማጠር። የሥጋ ቤቱ ባለቤት፣ ያ በርሜል የሚያህል ሰውዬ፣ እዚያ ደጃፍ ሲደርስ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ትንፋሹን ይይዛል። «ጣውላ እንዳልፈጅ ነው» ይላል፣ ማዶ ደርሶ ትንፋሹን ሲለቅቅ።

ድሮ፣ ገና ጎልማሳ ሳለ፣ ጋሽ ሜትር ሰው ሲያገኝ «ደህና ነህ?» ብሎ ይጠይቅና «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ሲባል ፊቱ ይጨልም ነበር አሉ። ሐሜት ነው። ግን እሱም ሲጠየቅ «ሐሰት ነው» ብሎ አያውቅም።

ይህንን ሰው የለወጠችው ሚስቱ ናት። ቀጠን ያለች፣ ሳቂታ፣ መራራውን እውነት በሳቅ አዋዝታ የምታስውጥ ሴት ነበረች፤ ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ» እያለ ነው የሚጠራት። ባሏ ጣውላ ሲሰነጥቅ የምታግዘው እሷ ነበረች። በከሰል ዱቄት የታሸ ክር አላቸው፤ አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን እሷ ይዘው ጣውላው ላይ ይወጥሩትና መሐሉን ሳብ አድርገው ሲለቁት ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር ይተዋል። መጋዙ ያንን መስመር ይከተላል። ጋሽ ሜትር «ሌላ ሰው ሲይዘው መስመሩ ይሰክራል» ይል ነበር።

ከተጋቡ ብዙም ሳይቆዩ ነው አሉ፤ ማዕድ ቀርቦ ጋሽ ሜትር «አምላኬ ሆይ፣ የዕለት ጉርሳችንን አትንሣን» ብሎ ሲጀምር እጁን ያዝ አደረገችው።

«ቆይ እስኪ። ምን እንዲያደርግልን ነው የምትለምነው?»

«እንዲያበላን ነዋ!»

«በምን?»

እነሱ ቤት ጉርስ የሚገባው ሌላ ቤት ነፍስ ስትወጣ ነው።

«እኔ እጄን ዘርግቼ የሰው ሞት አልለምንም» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ መጀመሪያ ለሰፈሩ ጤና እንለምናለን። ከዚያ በኋላ በምን እንደሚያበላን እሱ ይጨነቅበት። ሲፈጥረን መቼ አማከረን?»

እንዲህ ሆነና ሁለቱ በየጠዋቱ መጋዝ ከማንሳታቸው በፊት የእንጨት ፍቅፋቂው ላይ ተንበርክከው የሰፈሩን በሽተኞች አንድ በአንድ በስም እየጠሩ መጸለይ ጀመሩ። ከራሱ ገበያ ጋር ጦርነት የከፈተ ነጋዴ በዓለም ላይ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። አንዱን ዓመትማ ጸሎታቸው ከመጠን በላይ ሰመረና ሰው መሞት እርግፍ አድርጎ ተወ፤ ሽማግሌዎቹ ሁሉ እንደገና ጥርስ አበቀሉ። ባልና ሚስቱ ሆዳቸውን አስረው ሲጠብቁ፣ ከሞት የተረፈው ሕዝብ ማግባት ጀመረ። የአልጋ ትዕዛዝ መጣ። ከአልጋው ቀጥሎ፣ እንደምታውቁት፣ የሕፃን አልጋ ትዕዛዝ መጣ። እትዬ «አየህ፣ እሱ የሬሳ ሣጥን ብቻ አይደለም የሚያውቀው» አለችው።

ጸሎት ብቻውን ግን አልበቃትም። «በስሙ የምንጠራውን ሰው ሄደን ካላየነውማ እግዚአብሔርን መልእክተኛ አደረግነው» ብላ አስነሣችው። ጋሽ ሜትር ሄደ። የመጀመሪያው በሽተኛ አስተማሪ ነበር። እጁን ግንባሩ ላይ ጭኖ «ጌታ ሆይ» ብሎ ጀመረና መሐል ላይ ሐሳቡ ሸሸው፦ ቁመቱ ይህን ያህል፣ ትከሻው ጠበብ ያለ፣ ባለፈው ከተረፈው ጣውላ ይወጣል… ድንገት ሲነቃ ላብ አጥምቆታል። ቤቱ ገብቶ ሚስቱን «እኔ ሰው አይደለሁም፤ አሞራ ነኝ» አላት።

በዚያ ቀን ሁለት ነገር ተሳለ። አንደኛ፣ ነፍስ ላለው ሰው እንጨት ላይቆርጥ። ሁለተኛ፣ የበሽተኛ ቤት ደፍ ሲረግጥ ዓይኑን ሊጨፍን።

የመጀመሪያውን ስእለት ሰፈሩ አከበረለት። አንድ ጊዜ የአንድ ባለጸጋ ልጆች መጥተው «አባታችን ዛሬ ነገ እያሉ ነውና ከወዲሁ አዘጋጅልን» ሲሉት፣ «ዛሬም ነገም የሳቸው አይደለም፤ የእኔም አይደለም። ሂዱና እግራቸውን እሹላቸው» ብሎ መልሷቸዋል።

ሁለተኛው ስእለት ግን የሰፈሩን ዕቃ ፈጀ። ጨፍኖ ሲገባ ጠረጴዛ ይገለብጣል፣ ብርጭቆ ይሰብራል፣ የተኛ ድመት ይረግጣል። አንድ ቀን በበሽተኛው አልጋ ጠርዝ ላይ የተቀመጠውን ጠያቂ ራስ ይዞ እያለቀሰ ጸለየለት፤ ሰውዬው ጤነኛ ቢሆንም ከድንጋጤው የተነሳ ሦስት ቀን ተኛ። ሥጋ ሻጩም ደም ብዛት ጥሎት በተኛ ጊዜ፣ ጋሽ ሜትር ዓይኑን ጨፍኖ በሩን እየዳበሰ ሲገባ ቢያየው ከአልጋው በመስኮት ዘልሎ ወጣ። በርሜል በመስኮት! ማታውን ድኖ ሻይ ቤታችን መጣና «ሁለተኛ ደጄን ይርገጥና እንተያያለን!» ብሎ ማለ።

ጋሽ ሜትር ይህን ሁሉ ታገሠ። ቅድስና ማለት ለእሱ ያቺን ክፉ ዓይኑን ማሰር ነበር። አስሯትም ኖረ።

ከዚያ እትዬ ታመመች።

ሐኪሞቹ ደጋግመው አዩአትና በመጨረሻ «ቤቷ ይሻላታል» አሉ። ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ለሣጥን ሠሪ አይተረጎምም። ልብስ ሰፊ የሆነችው ልጃቸው ልታስታምም የስፌት መኪናዋን ይዛ መጣች። ቀጥሎ ያለውን የሰማነው ከእሷ ነው።

አባትዬው ሚስቱ የተኛችበት ክፍል ሲገባ ዓይኑን ጨፈነ። በገዛ ቤቱ! ጨፍኖ ይገባል፣ ጨፍኖ ይጸልያል፣ ጨፍኖ ያበላል። «አባዬ፣ ሾርባውን ለጆሮዋ ነው እኮ የሰጠኸው» ትለዋለች ልጅቱ። እሱ ማንኪያውን በመዳበስ ወደ አፏ ይመልሳል እንጂ አይከፍትም። እትዬ መጀመሪያ ሰሞን ትስቅ ነበር። በኋላ ተወችው።

አንድ ከሰዓት በኋላ «ሣጥኔን ሥራልኝ» አለችው።

«ምን አልሽ?» አለ። ሰምቷል።

«ሣጥኔን። በሌላ ሰው እጅ አልሄድም።»

«ለሕያው ሰው እንጨት እንደማልቆርጥ ታውቂያለሽ። ይልቅ እንጸልይ።»

«እንጸልይ። እኔስ መዳን መቼ ጠላሁ? የልጄን ልጅ ባይ ደስ ይለኛል። ግን አንተ እግዚአብሔርን እየለመንከው ነው ወይስ በሩ ላይ ቆመህ እየከለከልከው?»

«እምነት ነው!» ብሎ ጮኸ። ልጅቱ አባቷ እናቷ ላይ ሲጮህ ሰምታ አታውቅም። «አንድ ጣውላ ከቆረጥኩ አመንኩት የምለው ሁሉ አለቀ! እጄን ሰጠሁ ማለት ነው!»

«ለማን ነው የምትሰጠው? ለእሱ ከሆነ ስጠዋ። ዕድሜ ልክህን ‹በእጅህ ነኝ› ስትለው አልነበረም?»

ጋሽ ሜትር ወጣ። ሲወጣ ትከሻው የበሩን መቃን መታው። ሥራ ቤቱ ገብቶ ተቀመጠ፤ ግን መጋዝ አላነሳም። ያንን ሰሞን እኛም ሻይ ቤት ውስጥ ተቸገርን፤ ለካ ሐሜታችን ሁሉ የሚወራው በመጋዙ ድምፅ ተከልሎ ኖሯል። ዝም ሲል እኛም ዝም አልን። ልጅቱ በበኩሏ አባቷን ደገፈች፤ «እማዬ፣ እባክሽ እንዲህ ያለ ነገር አታውሪ» ብላ ለመነቻት።

እትዬ ግን ጥቂት ቀን ቆይታ አስጠራችው። ጨፍኖ ገባ፤ ወንበሩን ዳብሶ ተቀመጠ።

«ከተኛሁ ጀምሮ አላየኸኝም» አለችው።

ጨፍኖ እንደተቀመጠ እጇን በመዳበስ ፈለገ።

«ለሰው ሁሉ ስትጨፍን ዝም አልኩህ፤ ባዕድ ናቸው፣ ዘመድ ያያቸዋል። እኔን ማን ይየኝ? ሞት አይደለም የከበደኝ። ደጅህ ላይ እንደተቀመጠ ለማኝ ዓይንህን ስጠብቅ ይመሽብኛል። ብቻዬን ነኝ።»

«ካየሁሽ እለካሻለሁ» አለ። ድምፁ የሕፃን ድምፅ ሆነ። «ይህች ዓይኔ ሌላ ሥራ አልተማረችም። ካየሁሽ ምን ያህል እንደቀረሽ አውቃለሁ።»

«ለካኛ! እሱ የሰጠህ ዓይን አይደለም? መለካት ኃጢአት የሚሆነው ሞቱን ለሚመኙለት ሰው ነው። አንተ ሞቴን ትመኛለህ?»

«አንቺ ሴትዮ!»

«እንግዲያው ክፈት።»

ከፈተ። ልጅቱ በር ላይ ቆማ ነበር፤ አባቷ እናቷን ከግንባሯ ጀምሮ ቀስ እያለ ሲያያት፣ ጉንጯ ላይ ሲደርስ ሲቆም፣ የክር ጫፍ ይዘው የኖሩት ጣቶቿ ላይ ሲዘገይ አየች።

«አጥረሻል» አለ በመጨረሻ።

«አንተም ጎብጠሃል። እኔ ተናገርኩህ?»

ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ፊቱን ደረቷ ላይ ደፍቶ አለቀሰ። እሷ ጸጉሩ ላይ የተሰካውን ፍቅፋቂ እየለቀመች መሬት ላይ ጣለችለት።

በነጋታው እትዬን በወንበር ተሸክመው ሥራ ቤቱ አስገቧት። ጋሽ ሜትር ለዓመታት ለማንም ሳይሰጥ ያስቀመጠውን ጣውላ አወረደ። ክሩን በከሰል አሸና አንዱን ጫፍ አስያዛት። እጇ ይንቀጠቀጣል። ሻይ ቤት ያለነው ሁሉ ብርጭቋችንን አስቀምጠን ቆመን እያየን ነበር፤ ቀልደኛው ሁሉ ቀልዱ ጠፋው። ክሩ ጧ አለ። መስመሩ ጥቂት ጎበጥ ያለ ነበር። ጋሽ ሜትር ግን አላደሰውም፤ መጋዙን በዚያው በጎባጣው ላይ ነዳው።

«ሰፋ አርገው» አለችው እትዬ።

«ልክሽ ይኸው ነው።»

«በጀርባዬ ተኝቼ አውቃለሁ? በጎኔ ነው የምተኛው።»

ሰፋ አደረገው። ልጅቱ ማታውን ነጭ ጨርቅ አምጥታ «ለውስጡ» ብላ አቀርቅራ አሳየቻት። እትዬ ዳበስ አድርጋ መለሰችላት። «አበባ ያለበት ይሁን። ነጭ ቶሎ ይቆሽሻል።» ልጅቱ መሳቅም ማልቀስም አቅቷት ጨርቁን ይዛ ወጣች፤ አበባ ያለበትን ሰፋች።

ሣጥኑ አልቆ አልጋው ሥር ተቀመጠ። እትዬ የክረምት ብርድ ልብሶቹን አስገባችበት፤ «ባዶ ዕቃ ቤት ውስጥ አያምርም» ብላ። ሊጠይቋት የሚመጡት ሲደነግጡ «አይዟችሁ፣ የእናንተ አይደለም» ትላቸው ነበር። ጋሽ ሜትር አሁንም እንድትድን ይለምናል፤ ልመናውን አላቋረጠም። ዓይኑ ግን ተከፍቶ ነው። ሾርባውም አፏን አልሳተም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ጠዋት እንደልማዳቸው አልጋዋ አጠገብ የሰፈሩን በሽተኞች እየጠራ ይጸልያል፤ እሷ በእያንዳንዱ ስም ላይ «አሜን» ትላለች። እንደገና ታሞ የተኛው ሥጋ ሻጩ ጋ ሲደርስ «አሜን»ዋ ቀረ። ጋሽ ሜትር ቀና ብሎ አያት። ሳይቸኩል ጸሎቱን ለሥጋ ሻጩ ጨረሰና አሜኑን ራሱ አለላት። ከዚያ ብርድ ልብሶቹን ከሣጥኑ አወጣ።

በጎኗ ተቀበረች።

ከቀብሩ በኋላ በነበረው ሳምንት ሥጋ ሻጩ ቤት በር ተንኳኳ። ሚስቱ ከፍታ ጋሽ ሜትርን ስታይ ወደ መስኮቱ ሮጣ መዝጊያውን ያዘች። ጋሽ ሜትር ባርኔጣውን አውልቆ ገባ። ምንም ዕቃ አልተሰበረም።

«ጋሼ፣ አልጨፈንክም እኮ» አለ ሥጋ ሻጩ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ።

«አልጨፈንኩም።»

«እና… ስንት ሆንኩ?»

ጋሽ ሜትር ከራሱ እስከ እግሩ አየው። አልቸኮለም።

«ከስተሃል» አለው። «ፈርተሃልም። እንቅልፍ ከወሰደህ የምትነቃ አይመስልህም፤ ስለዚህ አትተኛም።»

የሥጋ ሻጩ ዓይን እንባ አቀረረ። ይህን ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም ነበር።

«በጎንህ ዞር በል» አለው ጋሽ ሜትር፣ ወንበር ስቦ እየተቀመጠ። «እሷ እንደዚያ ስትሆን ነበር የሚቀልላት።»

ያ ትልቅ ሰውዬ አልጋውን እያስጮኸ ዞረ። ጋሽ ሜትር ወፍራም እጁን በሁለት እጁ ያዘና መጸለይ ጀመረ። ዓይኑን ከፊቱ አላነሳም። የጨፈነው ሥጋ ሻጩ ነው።