እናቴ የተሳለችለት ምርጫ

የማሽን ግሪስና የጥጥ ብናኝ የተቀላቀለበት ሽታ ዛሬም አንዳንድ ጊዜ ሳላስበው ይመጣብኛል። ባለፈው ሰሞን ደሴ ሙጋድ አካባቢ በአንድ ልብስ ሰፊ ደጃፍ ሳልፍ ድንገት አፍንጫዬን መታኝና ቆሜ ቀረሁ፣ ሰውየውም የማሰፋ መስዬው «ግቢ እንጂ እህቴ» አለኝ። ያ ሽታ የአባቴ ቱታ ሽታ ነው። አባቴ ከፋብሪካ ሲመለስ እኛ ልጆቹ ሮጠን እንጠመጠምበት ነበር፣ እናቴ ደግሞ ከኋላችን «ቱታውን ሳያወልቅ አትንኩት፣ ማን ሊያጥብላችሁ ነው» እያለች ትቆጣ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ሰምተናት አናውቅም።

ቤታችን ኮምቦልቻ ነበር። አባቴ ድሬዳዋ ተወልዶ፣ በልጅነቱ በባቡሩ ጋራዥ ሲሠራ ፈረንሳይኛ ለምዶ፣ በኋላ ሥራ ፍለጋ ወደ ወሎ መጥቶ፣ ከኩታበር የመጣችውን እናቴን አግብቶ የቀረ መካኒክ ነው። ፈረንሳይኛው ኮምቦልቻ ላይ ምንም አይጠቅመውም ነበር። ጎረቤቶቻችን «ተሾመ ፈረንሳይኛውን ለዶሮዎቹ ነው የሚያወራው» እያሉ ይቀልዱበት ነበር፣ እውነትም ዶሮ ሲያባርር በፈረንሳይኛ ነበር የሚሳደበው። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ግን አባቴ የሚሠራበት ፋብሪካ ከፈረንሳይ ያገለገሉ የሽመና ማሽኖች ገዝቶ፣ እነሱን የሚገጥም አንድ ባለሙያ አብሮ ሲመጣ፣ ያ ሲቀለድበት የኖረ ቋንቋ ተፈላጊ ሆነ።

ይህ ባለሙያ፣ ሬሚ፣ የመጣው በጥቅምት ነበር፣ የቦርከና ወንዝ ጎድሎ ማሽላው በሚያሸትበት ሰሞን። ቀጭን፣ ረጅም፣ ፀሐይ ሲነካው በርበሬ የሚመስል፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው ነበር። ሠራተኛው ሁሉ፣ በፈረንሳይኛው «ጌታዬ» ለማለት፣ «ሙሴ» ይለው ነበር። ማሽኖቹ ተፈታተው በሳጥን ነው የመጡት፣ እሱ ግን የእያንዳንዷን ብሎን ቦታ ሳያይ ያውቃት ነበር። አባቴ ምክንያቱን ጠይቆት አንድ ቀን ራት ላይ ነገረን፦ ማሽኖቹ የተነቀሉት ከሬሚ የትውልድ ከተማ ነው፣ ፋብሪካው ተዘግቶ ሲሸጥ የፈታቸው እሱ ራሱ ነው፣ ከመካከላቸውም በአንዱ ላይ እናቱ ወጣትነቷን ጨርሳበታለች። እናቴ ይህን ስትሰማ ጉርሻዋን መልሳ ገበታው ላይ አስቀመጠች።

እሑድ እሑድ ቤታችን ምሳ ይበላ ነበር። ወጡን በአምስት ጣቱ ሲያሳድድ እናቴ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ጓዳ ትገባ ነበር። አንድ እሑድ ከበላ በኋላ ተነስቶ ሳህን ሊያጥብ እጅጌውን ሲሰበስብ ደግሞ ሳህኑን ከእጁ መንጭቃ «ምን ጉድ ነው፣ ቤቴ ሴት የለችም እንዴ» አለችው። አባቴ ሲተረጉምለት ጆሮው ቀላ፣ እኛም ጆሮው ሲቀላ ማየት እንወድ ስለነበር ደጋግመን የሚያሳፍረውን ነገር እንፈልግለት ነበር።

በታኅሣሥ ወደ ሐርቡ ቆላ ወርዶ ሰንብቶ ወባ ይዞ ተመለሰ። ባረፈበት ክፍል ውኃ የሚያቀብለው ሰው አልነበረም፣ ስለዚህ አባቴ ደግፎ ወደ ቤታችን አምጥቶ የእኛ የልጆቹ አልጋ ላይ አስተኛው። ሐኪም መድኃኒት ሰጠው፣ ቀሪውን እናቴና ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘሀራ ተረከቡት። ዘሀራ ጠዋት ጠዋት አጥሚት ይዛ መጥታ፣ ቋንቋ ይገባው አይገባው ሳትጨነቅ፣ «አብሽር የኔ ልጅ፣ አላህ ያሽርሃል» እያለች ታጠጣው ነበር። እናቴ በእርጥብ ጨርቅ ግንባሩን ትጠርግ ነበር። ተሽሎት የተቀመጠ ቀን ለአባቴ አንድ ነገር በለሆሳስ ተናገረ፣ አባቴም «እናቴ ከሞተች ወዲህ ግንባሬን የነካ ሰው የለም ነው የሚለው» አለ።

ከዚያ በኋላ እናቴን የሚመልሳት አልነበረም። ጥምቀት እንዳለፈ ከኩታበር ወንድሞቿ ነጭ ማር አስልካ፣ ጎረቤት ጠርታ፣ የአገሩን ወግ ፈጸመች። አውራ ጣቷን ማር አስነክታ አጠባችውና «ከእንግዲህ የጡት ልጄ ነህ፣ ቤቴ ቤትህ ነው» አለችው። ዘሀራ ምስክር ነበረች፦ «ወላሂ ከዛሬ ጀምሮ እንግዳ አይደለህም፣ ልጃችን ነህ»። አባቴ ሲተረጉምለት አንድ ነገር ከራሱ ጨመረበት፦ ይህ መታወቂያ አይደለም፣ አይቀደድም። ሬሚ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ፣ ጆሮዎቹ እሳት መስለው ነበር። እኔ በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄጄ ፈረንጅ ወንድም አለኝ ብዬ ስላወራሁ ሁለት ልጆች ውሸታም ብለው ደበደቡኝ።

በመጋቢት፣ በበልጉ ዝናብ፣ ማሽኖቹ ተነስተው መሥራት ጀመሩ። የሠራተኛ ቤተሰብ ሁሉ ተጠርቶ ስለነበር እኛም አዳራሹ ውስጥ ነበርን። ወለሉ ተንቀጠቀጠ፣ የመጀመሪያው ጨርቅ ብቅ አለ፣ ሰው እልል አለ። ሬሚ ጥግ ይዞ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር፣ እኛም በደስታ መስሎን አጨበጨብንለት። አባቴ ብቻ አላጨበጨበም። ክረምት ሳይገባ ሬሚ አገሩ ተመለሰ፣ እናቴም ድርቆሽና በርበሬ አስይዛ ሸኘችው።

ደብዳቤዎቹ የሚመጡት ደሴ ፖስታ ቤት ባለው ሳጥን ቁጥር ነበር። አባቴ እኔን አስከትሎ በሚኒባስ ዳገቱን ይወጣ ነበር፣ ከኮምቦልቻ ሙቀት ወጥተን ደሴ ስንደርስ ብርዱ ጥርሴን ያንቀጫቅጨው ነበር፣ እሱም ትኩስ ፓስቲ ገዝቶ በእጄ ያሲዘኝ ነበር። ደብዳቤውን ደረጃው ላይ ቆሞ ለራሱ ያነበዋል፣ ማታ ደግሞ ለእናቴ ይተረጉምላታል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደብዳቤዎች ሰላምታና ናፍቆት ነበሩ። ቆይቶ ሥራ አጣሁ አለ። አንድ መጋዘን ውስጥ ጫኝና አውራጅ ሆነ፣ እሱም ተዘጋ። ከዚያ ደግሞ ጓደኞች አገኘሁ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ እንሰበሰባለን፣ የሚሰማኝ ሰው አገኘሁ የሚል ደብዳቤ መጣ። መጀመሪያ ግድግዳ ላይ ወረቀት ይለጥፍ ነበር፣ ቀጥሎ ስብሰባ ላይ ይናገር ጀመር፣ በመጨረሻም ለከተማው ምክር ቤት እጩ ሆነ።

አባቴ ይህን ሲተረጉም «ፋብሪካ የተዘጋባቸውን ሰዎች ወክሎ ነው የሚወዳደረው» አለ። እናቴ የምትፈልገው ይህንኑ ነበር። በጥር ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ሄዳ፣ የጡት ልጄን ካስመረጥክልኝ ወርቀ ዘቦ ጥላ አስገባለሁ ብላ ተሳለች። ለሰፈሩም ነገረች። ዘሀራም በበኩሏ ዱዓ ታደርግለት ጀመረች፣ እናም በዚያ በጋ ስለ አንዲት የፈረንሳይ ከተማ ምርጫ በኮምቦልቻ በሁለት ሃይማኖት ይጸለይ ነበር።

እኔ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ክረምት ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ፈረንሳይኛ ያስተምረኝ ስለነበር መዝገበ ቃላት ይዤ ማንበብ ጀምሬያለሁ። አንድ ቅዳሜ ለማጠብ የአባቴን ኮት ኪስ ስፈትሽ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። የምርጫ ማስታወቂያ ነበር፤ ሬሚ ከረባት አስሮ በፎቶ ይስቅበታል። ከሥሩ የተጻፈውን ቃል በቃል እየፈለግሁ ሳወጣው፣ የውጭ አገር መጤዎች ሥራችንን ወስደዋል፣ ወደመጡበት ይመለሱ፣ በሩ ይዘጋ የሚል ነበር። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ሦስቱም ጊዜ ያው ነው።

ወረቀቱን ይዤ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሬዲዮ ባትሪ ፀሐይ ላይ ያሰጣ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ አጠፈው።

«ለእማዬ ለምን አልነገርካትም?»

«ምን ብዬ ልንገራት? እነዚያን ማሽኖች ከከተማው የነቀለው ራሱ ነው። እኔ እናንተን የማበላው በነሱ ነው። ወስደውብናል ሲል በምን አፌ አልወሰድንም እላለሁ?»

«እኛ ገዛን እንጂ አልሰረቅንም።»

«እሱም ያውቃል» አለ አባቴ፣ ባትሪዎቹን እያገላበጠ። «ፋብሪካውን በሸጠባቸው ሰው ላይ መጮህ ነበረበት። ያንን ሰው ግን የሚያገኘው አልመሰለኝም። አደራሽን፣ እናትሽ እንዳትሰማ።»

ቃል ገባሁለት። በግንቦት ሬሚ መመረጡን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰ። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው፣ ደሴ ወጥታ የጥላውን ጨርቅ መርጣ አሰፋች፣ ወርቃማውን ዘርፍ ራሷ በእጇ ሰፋችበት። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ክር አቀብላት ነበር። ሰኔ ሚካኤል ሳምንት ሲቀረው፣ አባቴ ሥራ ላይ እያለ፣ ደብዳቤውን ከሙዳይዋ አውጥታ «እስኪ አንቺ ደግሞ አንብቢልኝ፣ አባትሽ ያሳጥረዋል» አለችኝ። አባቴ እንዳደረገው ማለፍ እችል ነበር። አልቻልኩም። እያንዳንዱን ቃል አነበብኩላት፣ ወረቀቱንም ከተደበቀበት አምጥቼ ያለውን ሁሉ ነገርኳት።

እናቴ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። «እኔ ልጠይቀው ብሄድስ?» አለች።

«እሱ የሚለው ሕግ ከሆነ አያስገቡሽም።»

«ልጄ ነው ብላቸውም?»

ደብዳቤውን አጥፌ ሙዳይዋ ውስጥ መለስኩት። አባቴ ማታ ሲመጣ አልጮኸችበትም፣ ራት አቀረበችለት፣ «እኔን እንደ ሕፃን አትየኝ ተሾመ» ብቻ አለችው፣ እሱም አቀርቅሮ በላ።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት ዝናቡ ገና ማለዳ ነው የጀመረው። ጥላውን አታስገባም ብዬ አስቤ ነበር፣ እሷ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ይዛው ወጣች። ቄሱ ተቀብለው «ስለትሽ ሠመረ የሺመቤት?» ሲሏት «የጠየቅሁትን ሰጥቶኛል አባ፣ ምን እንደምጠይቅ ግን አላወቅሁም ነበር። ልብ እንዲሰጠው ጸልዩለት» አለች። ቤት ስንመለስ እርጥብ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ደብዳቤ አስጻፈችኝ። ቃሏ እስካሁን አይጠፋኝም፦ «ስለትህን አስገብቻለሁ። መመረጥህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል፣ የተመረጥክበትን ሰምቼ አዝኛለሁ። አንተ ደጅህን ብትዘጋ የኔ አይዘጋም። እናትህ።»

መልሱ የመጣው መስከረም ላይ ነው፣ አጭር ነበር። እናንተን ማለቴ አይደለም፣ እናንተ ቤተሰቤ ናችሁ ይላል። እናቴ ጆሮዋን ጥላ ሰምታ «ታዲያ ማንን ነው? እነዚያስ እናት የላቸውም?» አለች። እንድጽፍለት አዘዘችኝ፣ ይህንኑ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ አልመለሰም።

ዓመታት አልፈው ኮምቦልቻ ላይ የሳተላይት ዲሽ ሲበዛ፣ አባቴ ከጡረታ በኋላ የፈረንሳይ ዜና የሚያይበት አንድ ሻይ ቤት አገኘ። አንድ ቀን እየሮጠ መጥቶ እናቴን ይዟት ሄደ፣ እኔም ተከተልኩ። በቴሌቪዥኑ ሬሚ መድረክ ላይ ከሚናገረው የፓርቲያቸው መሪ ኋላ ቆሟል፣ ጠጉሩ ሸሽቷል፣ የወረዳ ሳይሆን የክፍለ ሀገር ሰው ሆኗል አለ አባቴ። ሕዝቡ ይጮኻል፣ እሱ ያጨበጭባል። ይህን ሰው ማየት አንገሸገሸኝ። እናቴ ዓይኗን አጥብባ ተመለከተችውና «ከስቷል፣ የሚያበላው የለም እንዴ» አለች። አባቴ እንባው እስኪፈስ ሳቀ፣ እኔ ግን ተናደድኩባት፣ ፍቅሯ ሞኝነት መስሎኝ ለብዙ ጊዜ ይቅር አላልኳትም።

አባቴም እናቴም ዛሬ የሉም። እኔ ደሴ ቤት ሠርቼ ልጆች አሳድጌያለሁ፣ ግቢዬ ውስጥም የማከራያት አንዲት ክፍል አለች። ባለፈው ክረምት ከሌላ ክልል ኑሯቸውን ጥለው የመጡ ባልና ሚስት ሊከራዩ በሬን አንኳኩ፣ ሴትየዋ ሕፃን አዝላለች። ስማቸውን ሳልጠይቅ ከየት እንደመጡ ጠየቅኋቸው። ሲነግሩኝ በሆዴ፣ እነዚህ መጤዎች በዝተው ለልጆቻችን ምን ሊተርፍ ነው አልኩና «ተይዟል» ብዬ በሩን ዘጋሁ። ክፍሏ ባዶዋን ነበረች። ሻይ ልጥድ ገብቼ ያሰብኩትን ቃል ደግሜ ሳስበው፣ ያኔ ከሬሚ ወረቀት ላይ በመዝገበ ቃላት ፈልጌ ያወጣሁት ቃል ነበር።

እሳቱን ትቼ ወደ ውጭ ሮጥኩ። መንገዱ ላይ አልነበሩም። ፊት ለፊቴ ያለችው ጎረቤቴ፣ ከኔ የጠበበ ቤት ያላት ሴት፣ አስገብታቸው የሕፃኑን ልብስ እሳት ዳር ታደርቅ ነበር። አስቀድሞ፣ ልጅ ሆኜ፣ ሬሚ እንዴት እንዲህ ይሆናል እያልኩ እገረም ነበር፣ አሁን የሚገርመኝ እናቴ እንዴት እንዲያ ሆነች የሚለው ነው። ዛሬ ተነስታ ብትመጣ ከሁለታችን ቤት መጀመሪያ የምትገባው የማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የኔንም ግን ሳታንኳኳ አታልፍም ነበር።